ከገፈርሳ እስከ ሱሉልታ፤ ከአንድ ባሕረኛ ጋራ የዋልንበት ቀን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መርከብና ባሕር ለማየት የሚወድ ሰው ሩቅ መንገድ መጓዝ ግድ እንደሚሆንበት የታወቀ ነው። ጣናን ለማየት ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር መሄድ፣ ዝዋይን ለማየት ወደ ስምጥ ሸለቆ መውረድ ያስፈልጋል፤ ጨው ያለበትን ባሕር ለማየት ግን ከ1985 ዓ. ም. ወዲህ የአገርን ወሰን ሳይሻገሩ የሚሆን አይደለም። እኛ ግን በ2018 ዓ. ም. መስከረም 24 ቀን፣ የመስቀል በዓል ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከቡራዩ ከሰበታና ከሱሉልታ ሳንርቅ የውኃንና የመርከብን ነገር ስንፈልግ ዋልን። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናወራለን።

እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን ዙሪያዋን ከበው የቆሙ ናቸው፤ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ነው። ቀድሞ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው የሚተዳደሩ ከተሞች ነበሩ፤ ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ ግን ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛው የሚያውቃቸው በመኪና መስኮት ነው፤ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ያልፋቸዋል እንጂ ሊያያቸው ብሎ አይወርድም። እኛም እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ የተሻልን አልነበርንም።

ለመንገዳችን ምክንያት የሆኑት የእናታችን ታናሽ ወንድም ናቸው። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን፤ ልጆቻችን ግን አባባ ይሏቸዋል። በ1961 ዓ. ም. ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳሉ በባሕር ኃይል ተመዝግበው ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ እስከ 1983 ዓ. ም. ድረስም ሃያ ሁለት ዓመት በቀይ ባሕር ላይ ኖሩ። ከዚያ ወዲህ በቡራዩ ተቀምጠው የውኃ መሳቢያ ሞተር እየጠገኑ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ዛሬ ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ግን ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ሕመም ያዛቸው። ይህ ሕመም ሳያሳምምና ሳይነገር ገብቶ ከዳር ወደ መካከል እያጠበበ የሚሄድ ክፉ ሌባ ነው፤ የወሰደውንም ብርሃን መልሶ አይሰጥም። የቀረውን ብቻ በየቀኑ በሚንጠባጠብ መድኃኒት ማቆየት ይቻላል። ጋሼ ወደ ሐኪም የሄዱት ብዙው ካለፈ በኋላ ስለ ነበረ፣ አሁን የሚለዩት ብርሃንንና ጨለማን፣ በጠራ ቀንም የሰውን ጥላ ብቻ ነው። በቤተ ሰባችን ላይ የወደቀው ጭንቀት ግን ከዚህ ይልቅ ሌላ ነበር። በሐምሌ ወር ብቻቸውን ሲሄዱ ከመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ ነጭ በትር እንዲይዙ ልጆቻቸው ቢለምኗቸውም «በሞገድ ላይ ሳልደገፍ የቆምሁ ሰው በአስፋልት ላይ እንጨት አልደገፍም» ብለው እንቢ አሉ። ከዚያም ከቤት መውጣትን ተዉ። ሬዲዮ ከፍተው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ።

በመስቀል ዕለት ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ብንጠይቃቸው፣ «ይህ የቀረኝ ብርሃን ጨርሶ ሳይሄድ አንድ ጊዜ በውኃ ላይ ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር» አሉን። ወደ ጣና ለመውሰድ ጤናቸውም የእኛም ኪስ የሚፈቅድ አልሆነም። ስለዚህ በአቅራቢያ ያለውን ውኃ ለማሳየት ተስማማን፤ ማሳየት ስንል ቃሉ ራሱ አሳፈረን፣ ነገር ግን ሌላ ቃል አላገኘንም።

ከጥዋቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ከቡራዩ ተነሣን። በመኪናው ውስጥ ጋሼ ከፊት፣ እኛ ባልና ሚስት ከአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጃችንና ከስምንት ዓመት ወንድ ልጃችን ጋራ ሆነን በአምቦ መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዝን የገፈርሳ ውኃ በባሕር ዛፎቹ መካከል ብልጭ አለ። ልጆቹ «ባሕር! ባሕር!» ብለው ጮኹ። ጋሼም ፈገግ ብለው፣ «ከባሕር ማዶ መጥቶ ባሕር የሚባል ዛፍ ብቻ ነው የቀረልን» አሉ። በእርግጥም ይህ ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ በመሆኑ ስሙን ያገኘው ከመምጫው ነው። ያገራችን ሰው ደግሞ ጣናንም ባሕር፣ ሐይቁንም ባሕር ማለት ልማዱ ስለ ሆነ ልጆቹ አልተሳሳቱም።

ገፈርሳ እግዜር የሠራው ሐይቅ አይደለም። የትንሹን አቃቂ ወንዝ ራስ ገድበው በ1930ዎቹ ዓመታት የሠሩት የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ከዚያ በፊት በአፄ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ውኃ አውርዶ ወደ ግቢ ባስገባ ጊዜ ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ተደንቆ ነበር፤ ከተማይቱ ስትሰፋ ግን ምንጩ አልበቃ ስላለ ገፈርሳ ተገደበ። ቆይቶም ግድቡ ከፍ ተደረገ፤ ከላዩም ደለሉን የሚይዝለት ሌላ ግድብ ተጨመረ። በ1960ዎቹ ለገዳዲ እስኪሠራ ድረስ አዲስ አበባ በአብዛኛው የምትጠጣው ከዚህ ነበር። ዛሬ ከከተማይቱ ጥም ጋራ ሲተያይ ድርሻው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ይጠጣል።

ስለዚህም ጀልባ እንዳለ ጠባቂውን ብንጠይቀው በትሕትና ነገር ግን ሳያወላውል፣ «ጌቶቼ፣ ይህ ሰው የሚጠጣው ውኃ ነው፤ እንኳን ጀልባ እግርም አይገባበትም» አለን። ልክ ነው። ቅር ባይለን ኖሮ ውሸታሞች እንባል ነበር እንጂ የሚመለስ ቃል አልነበረንም። ከአጥሩ ወዲህ በሣሩ ላይ ተቀመጥን።

ውኃው በዚያ ሰዓት እንደ ብርድ ልብስ ጭጋግ ለብሶ ነበር። በዳርቻው ክንፏ ሰማያዊ የሆነችው ዝይ፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ካልሆነ በቀር የማትገኘው፣ ከባልዋ ጋራ ሣር ስትግጥ አየን፤ ልጃችን በመጽሐፍ ያየቻትን ወፍ በአካል ስላገኘች እጅግ ደስ አላት። ጋሼ ግን ወፍ አልፈለጉም። ፊታቸውን ወደ ነፋሱ መልሰው ጥቂት አሸተቱና፣ «ጨው የለውም። ነፋሱ ግን ከማዶ ሲመጣ ውኃውን አልፎ የመጣ መሆኑ ይታወቃል» አሉ። ስፋቱንም ሳይነግሯቸው በነፋሱ ቅዝቃዜና በወፎቹ ድምፅ ገምተው ተናገሩ፤ ግምታቸውም ከዓይናችን ግምት ብዙ አልራቀም።

ወንዱ ልጃችን በማዶ ኮረብታ ላይ የቆመውን የስልክ ማማ አይቶ፣ «አባባ፣ ያ የመርከብ መብራት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጋሼ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያም ረጅም ነገር ነገሩን።

በባሕር ዳር የሚቆመው የመብራት ማማ ከሁሉ በፊት ስሙ የገነነው በግብፅ በእስክንድርያ ወደብ ፊት በፋሮስ ደሴት የተሠራው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት ገደማ ተፈጽሞ ቁመቱ ከመቶ ሜትር በላይ ነበር፤ ኢጣሊያኖች ፋሮ፣ ፈረንሳዮችም ፋር የሚሉት ከዚያ ደሴት ስም የወረሱት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1303 እና በ1323 በሆኑ የመሬት መንቀጥቀጦች ፈራረሰ፤ በኋላም በቦታው ላይ የቃይትባይ ምሽግ ተሠራበት። ጥንት ማማዎቹ የሚበሩት በእንጨት እሳት ነበር። ቀጥሎ በዘይት ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1823 ፍሬኔል የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ የመስተዋት ቀለበቶችን እንደ ሽንኩርት ቆዳ ደራርቦ የትንሽ መብራት ብርሃን ሳይበተን ሩቅ እንዲሄድ አደረገ፤ ዛሬም የብዙዎቹ ማማዎች ዓይን የእርሱ ሥራ ነው።

«ነገር ግን» አሉ ጋሼ፣ «መብራቱ መብራቱ አይደለም ነገሩ። ጨለማው ነው። ሁሉም ዝም ብለው ቢበሩ የትኛው የት እንደ ሆነ በምን ትለያለህ? እያንዳንዱ የራሱ አቆጣጠር አለው። አንዱ ሁለቴ ብልጭ ብሎ አምስት እስክትቆጥር ይጠፋል፤ ሌላው አንዴ ብልጭ ብሎ አሥር እስክትቆጥር ይጠፋል። መጽሐፍ አለ፤ ከመጽሐፉ ጋራ ታስተያያለህ፤ ያን ጊዜ በጨለማ ውስጥ ያለህበትን ታውቃለህ።» ከምጽዋ ወደ አሰብ ሲወርዱ በሌሊት ይጠብቁት የነበረውን የአቡ ዓይልን መብራት፣ ወደ ሰሜንም ሲል ጀበል ጠይር በተባለው ደሴት ላይ የነበረውን በስም ጠሩልን። የእነዚህን ሁለት መብራቶች ወጪ የመርከብ አገሮች ተካፍለው እንዲችሉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 በሎንዶን ውል ተዋውለዋል፤ መብራት ለሚያልፍ ሁሉ የሚበራ ስለ ሆነ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ከጥንት የነበረ ነው። ጀበል ጠይር የወፍ ተራራ ማለት ሲሆን ዝም ያለ እሳተ ገሞራ ነበር፤ በ2000 ዓ. ም. በመስከረም ወር ግን ፈንድቶ እሳት ተፋ። ጋሼ ይህን በሬዲዮ በሰሙ ጊዜ እንደ ዘመድ መርዶ እንደ ተሰማቸው ነገሩን።

ሴት ልጃችን ይህን የመቁጠር ነገር ወደደችው፤ በመንገድ ላይ ሁሉ ከወንድሟ ጋራ ዓይናቸውን እየጨፈኑ እየገለጡ ሲቆጥሩ ዋሉ።

ከገፈርሳ ተመልሰን በከተማይቱ ምዕራባዊ ዳር ዞረን አየር ጤና ዘንድ የጅማውን መንገድ ያዝን። መንገዱ በጭነት መኪና ተጨናንቆ ስለ ነበረ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን፤ የዚህን ስፍራ አቧራና ጥሩምባ ለማያውቅ አንባቢ ባንተርከው ይሻላል። ልጆቹ እንዳይሰለቹ ጋሼ የሰጠሙ መርከቦችን ነገር አነሡ።

በ1933 ዓ. ም. በመጋቢት መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ወደ ምጽዋ ሲቀርብ ኢጣሊያኖች በወደቡ የነበሩትን ብዙ መርከቦች በገዛ እጃቸው ቀዳድተው አሰጠሙ። ይህን ያደረጉት ጠላት እንዳያገኛቸው ብቻ ሳይሆን መግቢያው ተዘግቶ ወደቡ እንዳይሠራም ነበር። መርከብ የሚጠገንበትን ተንሳፋፊ መድረክ እንኳ በቦምብ ቀደዱት። በሚቀጥለው ዓመት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን መጥቶ፣ በዚያ ሙቀት ከጥቂት ጠላቂዎች ጋራ ቀዳዳውን እየደፈነ አየር እየነፋ፣ አይነሣም የተባለውን መድረክ በጥቂት ቀኖች አነሣው። ሁሉም ግን አልተነሡም። በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ናዛሪዮ ሳውሮ የተባለው መርከብ እስከ ዛሬ በባሕሩ ወለል ላይ አለ።

«አባባ፣ የእርስዎስ መርከብ ሰጠመ?» ብሎ ወንዱ ልጅ ጠየቀ። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ።

ያገለገሉባት መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። አሜሪካ በ1954 ዓ. ም. የሰጠችን ስትሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦርካ ተብላ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ስታገለግል የነበረች ናት፤ ርዝመቷም ዘጠና አምስት ሜትር ያህል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለባሕር ኃይል በዓል ወደ ምጽዋ በወረዱ ጊዜ የውጭ አገር መርከቦች ሳይቀሩ ተሰልፈው ሲያከብሩ፣ በመካከል የምትቆመው እርሷ ነበረች። በ1982 ዓ. ም. በየካቲት ምጽዋ ከተያዘች በኋላ የቀረው ኃይል ወደ አሰብ ተሰበሰበ፤ በ1983 ዓ. ም. በግንቦት ደግሞ አሰብም ሲለቀቅ መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ። ጋሼ በዚያ ቀን በየብስ ላይ ነበሩ። ስትሄድ በዓይናቸው አይተዋታል።

«አልሰጠመችም» አሉ በመጨረሻ። «በሰው አገር ወደብ ቆማ ዛገች፤ ከዚያ ለብረቷ ተሸጠች። የሰጠመ መርከብ ይሻላል፤ ቦታው ይታወቃል።»

ከዚህ በኋላ ሰበታ እስክንደርስ ድረስ ማንም አልተናገረም።

ሰበታ ወጨጫ ከተባለው ተራራ ሥር ያለች ውኃ የበዛባት ከተማ ናት። ብሔራዊው የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕያዋን ምርምር ማዕከል የተተከለውም በዚህችው ነው፤ በኩሬዎች ውስጥ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ እያራባ ጫጩቶቹን ወደየግድቡና ወደየገበሬው ኩሬ እንዲበተኑ ያደርጋል። ዓሣ በባሕር ብቻ ይገኛል ብሎ ለሚያስብ ልጅ፣ በሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ባለ ደጋ የዓሣ ጫጩት እንደ ዶሮ ጫጩት ተቆጥሮ ሲታደል መስማት ደስ የሚል ነገር ነው። ሰበታ ከዚህም በላይ የምትታወቀው በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ ብዙ ዓይነ ሥውራን ልጆች በዚህ ተምረው መምህራን፣ ጠበቆችና ደራሲዎች ሆነዋል።

እውነቱን ለመናገር ወደ ሰበታ የመጣነው ለዓሣው ብለን አልነበረም። በዚያ የሚኖሩ፣ ብዙ ዓመት አስተምረው አሁን በጡረታ ያሉ አንድ ዓይነ ሥውር መምህር እናውቃለንና፣ ለጋሼ ሳንነግር ለቡና ጠርተውን ነበር። ይህ ማታለል እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ጋሼም ከደጃፉ እንደ ገቡ ዐወቁት። የመምህሩ በትር ደረጃውን ሲነካ ቀጭ ያለውን ድምፅ ሰምተው ወደ እኛ ዞሩና «ይህ ነው እንዴ ባሕራችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

መምህሩ ግን ብልህ ሰው ነበሩ። ስለ በትር አንድም ቃል ሳያነሡ ቡና ቀርቦ እጣኑ ከተጨሰ በኋላ፣ «ባሕረኛ ነበሩ ብለውኛል፤ ሞርስ ያውቁ ይሆናል» ብለው ጠየቁ። ጋሼም እንዴታ ብለው በስኒው ማስቀመጫ ላይ በጣታቸው ስማቸውን መቱ። መምህሩ ከመሳቢያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ሰሌዳና አጭር መውጊያ አውጥተው በጋሼ እጅ ላይ አኖሩ። ሉዊ ብሬይል የተባለው ፈረንሳዊ ልጅ ሳለ ዓይኑ የጠፋ መሆኑን፣ የጽሕፈቱንም ሥራ የጀመረው አንድ የመድፈኛ መኮንን ካወጣው የነጥብ ጽሕፈት ተነሥቶ መሆኑን፣ ሁሉም በስድስት ነጥብ እንደሚያልቅ ነገሯቸው። በአማርኛ ሲሆን አንዱ ፊደል በሁለት ምልክት ይጻፋል፤ መጀመሪያው ድምፁን፣ ሁለተኛው አናባቢውን ይናገራል። ስለዚህ ሁለት መቶ የሚያህለውን ፊደላችንን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። ጋሼ ወረቀቱን በጣታቸው ዳስሰው፣ «ይህ ከሞርስ ይልቅ ይቀላል» አሉ። መምህሩም «በጣት ካልደነደነ ይቀላል፤ የሞተር ጠጋኝ ጣት ግን ጊዜ ይወስዳል» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱ ሽማግሎች ከዚያ በኋላ እኛን ረስተው ሁለት ሰዓት ያህል ተጨዋወቱ።

ስንሰናበት መምህሩ ትርፍ በትራቸውን ለጋሼ በስጦታ ሰጧቸው። ጋሼ ለክብራቸው ሲሉ በሁለት እጅ ተቀብለው አመሰገኑ፤ ከመኪናው እንደ ገቡ ግን ወደ ኋላ ወንበር ወረወሩት።

ከሰበታ ወደ ሱሉልታ መሄድ ከተማይቱን ከዳር እስከ ዳር መሻገር ነው። እንጦጦን አልፈን የጎጃምን መንገድ ስንወርድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። እዚህ ላይ ለልጆቻችን ያሳየነውን ለአንባቢዎቻችንም እንናገር። የእንጦጦ ጫፍ የቤት ጣራ ማለት ነው። በደቡብ በኩል የወደቀው ዝናም፣ የገፈርሳውም የሰበታውም ውኃ ቢሆን፣ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ቆቃን አልፎ በአፋር በረሃ ተጉዞ በጅቡቲ ወሰን አቤ በሚባለው ሐይቅ ይቀራል እንጂ ወደ ባሕር አይደርስም። በሰሜን በኩል የወደቀው ግን የሱሉልታን ሜዳ አርሶ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ዓባይም ባለፈው ጳጉሜን በተመረቀው ታላቅ ግድብ ኋላ ንጋት በተባለው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በሚይዘው ሐይቅ ያርፋል፤ ከዚያም ሱዳንን አልፎ በግብፅ በኩል የፋሮስ ማማ ከቆመበት ባሕር ይገባል። ሁለት ጠብታ ዝናም ጎን ለጎን ወርደው አንዱ መርከብ ያያል፣ ሁለተኛው በጨው በረሃ ይደርቃል። ልጃችን ይህን ስትሰማ በመንገድ ዳር ባለው ቦይ ከደብተሯ ገጽ የሠራችውን ጀልባ ለቀቀች። ሦስት እርምጃ ያህል ሄዶ በላስቲክ ከረጢት ላይ ተሰበረ።

የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ሰፊ መስክ ነው፤ በመስከረም መጨረሻ ገና አልደረቀም ነበርና አደይ አበባው በውኃው ዳር እስከ ወገቡ ቆሞ ይታይ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የሩጫ ሜዳ ያለበት፣ ሯጮቻችንም በማለዳ የሚለማመዱበት አገር ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ ሁሉ መስክ የነበረው ዛሬ ብዙው ቤት፣ መጋዘንና ውኃ በጠርሙስ የሚያሽግ ፋብሪካ ሆኗል፤ ውኃው የሚተኛበት ሲያጣ በሰው ደጅ ይተኛል።

ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ካለ አንድ መዝናኛ ስፍራ የተቆፈረ ኩሬ እንዳለ ሰምተን ስለ ነበረ ወደዚያ ሄድን። ኩሬው ከዳር እስከ ዳር ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለት የቆርቆሮ ጀልባዎች ነበሩበት፤ አንዲቱ ግን በደለሉ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ግማሽ አካሏ ሰጥሞ፣ በውስጧም ቄጠማ በቅሎባት ነበር። ወንዱ ልጃችን ሮጦ መጥቶ፣ «አባባ! የሰጠመ መርከብ አገኘን!» አለ። ጋሼም በእጃችን ተመርተው ወደ እርሷ ቀርበው ጎኗን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ዝገቷን በጥፍራቸው ፋቁ፤ ከዚያም እንደ ሐኪም አንኳኩተው፣ «ቀዳዳዋ ከወለሏ አይደለም፣ ከመጋጠሚያዋ ነው፤ ሬንጅ ቢቀቧት ትነሣለች» አሉ። የስፍራው ሠራተኛ ይህን ሰምቶ ሳቀ፤ በኋላ ግን ሬንጁ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው አየነው።

በደኅናዪቱ ጀልባ ጋሼና እኛ ሁለታችን ገባን። ልጆቹ ሁላችንም ከገባን ትከብዳለች ስለ ተባለ በዳር ቀሩ። የተሰበረው አንጓቸው ገና ስላልጠና እኛ እንቅዘፍ ብንላቸው አልሰሙም፤ ግራ እጃቸውን አበርትተው ቀዘፉ። የመጀመሪያው ምት ውኃውን ሲቀድ ትከሻቸው ወረደ፤ ስንት ወር የተሸከሙት ነገር ከላያቸው የወረደ መሰለን። አልተናገሩም። ወደ ኩሬው መካከል ስንደርስ መቅዘፊያውን አነሡና ጠብታው ሲንጠባጠብ እየሰሙ ተቀመጡ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ፀሐይ ከኮረብታው ኋላ ገባች። በዚህ አገር ምሽት አይጠብቅም፤ ወዲያው ጨለመ። የስፍራው መብራት ደግሞ በዚያች ሰዓት ጠፍቶ ስለ ነበረ ዳርቻው ሁሉ አንድ ሆነ። እኛ ዓይን ያለን ሰዎች ከየት እንደ ተነሣን ጠፋን። ወደ ቄጠማው ብንገባ ጀልባይቱ እንደ እኅቷ ትቀራለች ብለን ስንፈራ፣ በድንገት ከጨለማው ውስጥ ብርሃን ብልጭ፣ ብልጭ አለና ጠፋ። እንደገናም ብልጭ፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ልጃችን ከመኪናው የእጅ ባትሪ አምጥታ ነበር።

«ዝም በሉ» አሉ ጋሼ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን። «ሁለት ነው። አምስት ጨለማ። ይታየኛል።» ከዚያም ማንንም ሳይጠይቁ ጀልባይቱን አዙረው፣ በግራ እጃቸው ጠንክረው በቀኝ እጃቸው ቀለል አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ብልጭታው አድርገው ቀዘፉ። የቆርቆሮው አፍንጫ ልጆቹ ከቆሙበት ድንጋይ ሲነካ ልጃችን ባትሪውን ገና አላጠፋችም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጥር ነበር። ጋሼ ከጀልባው ወርደው ራሷን ዳሰሱ። «አራት ላይ ቸኩለሽ ታበሪያለሽ» አሏት። «ሁለተኛ እንዳትቸኩዪ፤ መርከብ ይሰበራል።»

ወደ ቡራዩ ስንመለስ በእንጦጦ ላይ ከተማይቱ በሙሉ መብራቷን አብርታ ከታች ተዘርግታ አየናት። ወንዱ ልጅ ከኋላ ወንበር ተኝቶ ነበር። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ብዙ ጊዜ ቆዩና፣ «ያ በትር ከልጁ እግር ሥር እንዳይሰበር አንሡት» አሉን። አንሥተን ሰጠናቸው። በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይዘውት ሳሉ፣ የቁልቁለቱን መዞሪያ ሦስት ያህል ካለፍን በኋላ፣ «ሰኞ ጥዋት ወደ ሰበታ የሚሄደው ታክሲ ከየት ነው የሚነሣው?» ብለው ጠየቁን።